የሦስተኛው መስመር ስም

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትሕትና፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ከውርጩ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ስልክሽን ስንት ጊዜ ሞከርኩት፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለው ሴትዮ ብቻ ናት የምታነሳልኝ። ከእሷ ጋር ልንጋባ ምንም አልቀረንም። አማራጭ ሳጣ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ።

በመስከረሙ ደብዳቤሽ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አዎ፣ ከአሥራ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ዘጠኙ አሁንም ይሠራሉ። ዲስክ የላቸውም ተብለው መጋዘን የተጣሉትን እነዚያን የእርዳታ ማሽኖች፣ አንቺ፣ እኔና ጓደኛችን ልዑልሰገድ በሠራነው ማስነሻ ፕሮግራም፣ በከርነላችን፣ በፍሎፒ እያስነሳሁ ተማሪዎቹን የአማርኛ ጽሕፈት አስተምርባቸዋለሁ። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ከርነል ምን እንደሆነ ባያውቁም ማሽኑ ከሞት እንደተነሳ ያውቃሉ።

ሲነሳ መጀመሪያ የሠሪዎቹ የክርስትና ስም ይመጣል፣ ተስማምተን እንዳደረግነው። ወለተ ኪዳን፣ ያንቺ። ወልደ አማኑኤል፣ የኔ። ሦስተኛው መስመር የልዑልሰገድ ነበር፤ ባዶ ነው። የስክሪኑ ጠቋሚ ግን ባዶውን ዝም ብላ አታልፈውም። ሰባት ቦታ ቀስ እያለች ትራመድና ነው ወደ ታች የምትወርደው። እዚያ ስትደርስ ልጆቹ ሁሉ ዓይናቸውን ይተክላሉ። አንዷ ተማሪ ስታማትብ አይቻታለሁ። እኔም አንዳንድ ቀን ብቻዬን ማስነሳት ይከብደኛል።

ይህን የማነሳው በጋሽ ጌጡ ምክንያት ነው። የልዑልሰገድ አባት ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘመሮ እየመጡ፣ የጓሳ ሣር ገመዳቸውን ሸጠው ሲጨርሱ ቤቴ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። «ወረቀት የለም?» ነው ጥያቄያቸው። ልዑልሰገድ ከሱዳን ደውሎ «ደህና ነኝ፣ አባቴን አደራ» ማለቱን የጻፍሽልኝን ሦስት ጊዜ አስነብበውኛል። በሚያዝያ በመተማ በኩል ከወጣ ወዲህ የሰሙት እሱን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ልጃቸውን በሕልም እያዩት ነው። ደጅ ላይ ይቆማል፤ ግባ ሲሉት አይገባም። ለንስሐ አባታቸው ለአባ ገብረየሱስ ቢነግሯቸው፣ «በጸሎት ላስበው፣ የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ» አሏቸው። ጋሽ ጌጡ አያውቁትም! ልጁ ክርስትና ሲነሳ እሳቸው በውትድርና አሥመራ ነበሩ። እናቱ እማማ ጥሩሸዋ ከእሱ በፊት ሁለት ሕፃናት ሞተውባቸው ስለነበር፣ የዚህኛውን ስም ክፉ ሰው እንዳይጠራበት ደብቀው ይዘውት ሞቱ። የክርስትና አባቱም፣ ያጠመቁት ቄስም ዛሬ የሉም። «እሱን አትጠይቁትም ነበር?» አልኳቸው። «መች ይሄዳል ብዬ ልጠይቀው፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

እኔ መስመሩን ሆን ብሎ የተወው፣ ሲመለስ ሊሞላው ይመስለኝ ነበር። አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ጽፎት ነበር?

ወንድምሽ ምንይሉ

--

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2003 ዓ.ም.

ወንድሜ ምንይሉ፤

ሰላምታህ ደርሶኛል። ስልኩን ከእንግዲህ አትሞክረው፤ ሲም ካርዱን ጥዬዋለሁ። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ጽፎታል። አጠገቡ ነበርኩ። ኪቦርዱን በጋቢው ሸፍኖ ነው የጻፈው። «እናቴ ስንት ዓመት የደበቀችውን በነጻ ላሳያችሁ? ማሽኑ ሲነሳ ታዩታላችሁ» ብሎ ሳቀብኝ። ፊደሎቹን የሚስለው የኔ ፕሮግራም የስሙን ርዝመት ማወቅ ስለነበረበት «ስንት ነው?» አልኩት። «ክፍተቷን ጨምሮ ሰባት» አለኝ። ጠቋሚዋ ሰባት የምትራመደው ለዚህ ነው። ርዝመቱ እኔ ጋ ተመዝግቧል፤ ስሙ ግን ያለው እሱ ፋይል ውስጥ ነው።

ኮዱን በላፕቶፑ ይዞት ሄዷል። ለአንተ የሰጠህ ኮምፓይለሩ ወደ ማሽን ቋንቋ የተረጎመውን ፋይል ብቻ ነው። እሱን በሌላ ፕሮግራም ብትከፍተው አታነበውም፤ ለፊደሎቹ ቁጥር የሰጠኋቸው በራሴ ሠንጠረዥ ነው።

እንደኔ ስሙ አልጠፋም፤ ከርነሉ ሲነሳ እያጠፋኸው ነው። ሲነሳ መጀመሪያ በማሽኑ ትውስታ ውስጥ ያለውን ባዶ ክፍል ዜሮ እንዲሞላው አድርገህ የለ? ያ ባዶ ክፍል ከየት እንደሚጀምር እይ። ሊንከሩ ምልክት አድርጎልሃል።

ለብቻዋ ያጠፍኳትን ቁራጭ ወረቀት አንብበህ ስትጨርስ ቅደዳት።

ትሕትና

--

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 15 ቀን 2003 ዓ.ም.

ውድ ትሕትና፤

ቁራጯን ወረቀት ቀድጃታለሁ። የጠየቅሽኝንም ጋሽ ጌጡን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ምን እንደሚረባሽ ባላውቅም። ልጁ በሕልማቸው ጫማ የለውም። እስከ ጉልበቱ አሸዋ ነው፣ ነጭ አሸዋ። «እንዲህ ያለ አፈር በኛ አገር አላየሁም፤ ጤፍ ዱቄት ውስጥ የቆመ ነው የሚመስለው» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ ግን በረደኝ።

ስለ ምልክቱ ያልሽኝንም አደረግሁ። ያንቺ የፊደል ፋይል ስለሌለኝ (የኔ ቅጂ ኮምፒውተሬ ሲቃጠል አብሮ ሄዷል)፣ ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ከርነል አበጀሁና ባዶው ክፍል የሚጀምርበትን ምልክት «አሳየኝ» አልኩት። ዜሮ አለኝ። የሚያልቅበትንም ጠየቅሁት፣ ያም ዜሮ። እንደሱ ከሆነ ባዶው ክፍል የለም ማለት ነው። ሊንከሩ ያሾፍብኛል ወይስ እኔ ነኝ የማበዛው?

ጋሽ ጌጡ ሥራዬን ቁጭ ብለው ያያሉ። «ይሄ ሊንከር የምትለው ማነው?» አሉኝ። ሦስት ሰው ለየብቻ የጻፈውን ሰብስቦ፣ ለእያንዳንዱ ማሽኑ ውስጥ ቦታ የሚመራ ነው አልኳቸው፤ ሲጨርስ እዚህ ድረስ ኮድ፣ እዚህ ድረስ ስም፣ ከዚህ ወዲያ ባዶ ብሎ ድንበር ላይ ምልክት ይተክላል።

«እንደ መሬት ሽግሽጉ ጊዜ ኮሚቴ በለኛ» አሉ።

«አዎ፣ እንደሱ።»

«ታዲያ ያ ኮሚቴ የልጄን ቦታ ለማን ሰጠው?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ምንይሉ

--

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 27 ቀን 2003 ዓ.ም.

ምንይሉ፤

ስለዘገየሁ ይቅርታ። አሞኝ ነበር፣ አሁን ደህና ነኝ።

ስህተትህ ግልጽ ነው፤ ለተማሪዎችህም ንገራቸው። ያን ምልክት እንደ ማንኛውም ቫሪያብል ከፍተህ ውስጡን አነበብክ። ውስጥ የለውም። ሊንከሩ የሚሰጥህ የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ያየኸው ዜሮ እዚያ ቦታ ላይ የተገኘው ነገር ነው። የማሳውን ስፋት ለማወቅ የድንበሩን ድንጋይ የሚፈልጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ? አድራሻውን ውሰድ። የምልክቱን ስም እንደ ቁጥሮች ድርድር፣ እንደ አሬይ፣ አስታውቀውና የቆመበትን ጠይቀው፤ ቁጥሩ ይመጣል። ከዚያ የሦስቱ ስሞች ክፍል ከየት እስከ የት እንደሆነ ጎን ለጎን አስቀምጥና አወዳድር።

አሸዋውን ደግመህ እንዳትጽፍልኝ። እለምንሃለሁ።

ትሕትና

--

መሐል ሜዳ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ውድ ትሕትና፤

እግዜር ይስጥሽ፣ ቁጥሮቹ መጡ። ባልመጡ ግን ይሻለኝ ነበር።

ባዶው ክፍል የሚጀምርበት ምልክት የቆመው የኔ ስም ካለቀበት ቀጥሎ ነው። የልዑልሰገድ ስም ከምልክቱ ወዲያ ነው፣ ባዶ በተባለው መሬት ላይ። ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ። ትዝ አለኝ። ፋይሉን የሰጠኝ ሊሄድ ሲል፣ በዋዜማው፣ መናኸሪያው በር ላይ ነው። ሊንከሩ የሚመራበትን ስክሪፕት የጻፍኩት በሁለት ስም ነበር። የሱን ሦስተኛ አድርጌ ከምልክቱ በላይ ማስገባት ሲገባኝ፣ ልቤ እሱ ዘንድ ስለነበር ቸኩዬ ከበታቹ አስገባሁት። አንዲት መስመር ናት። ከርነሉ ደግሞ በተነሳ ቁጥር ከምልክቱ ጀምሮ ያለውን ዜሮ ይሞላል። ዘጠኝ ማሽን በየጠዋቱ ሲነሳ፣ የመጀመሪያ ሥራው የጓደኛዬን ስም ማጥፋት ነበር። ይህን ሳደርግ ሰባት ወር አለፈ፣ ትሕትና። ስንት ጠዋት እንደሆነ ማሰብ አልፈልግም።

ስክሪፕቱን አርሜዋለሁ። ስሙ አሁን በቦታው ነው። የቀረኝ ያንቺ የፊደል ፋይል ብቻ ነው፤ ያለሱ ማሽኑ ሊስለው አይችልም። በፍላሽ አድርገሽ ለሚኒባሱ ረዳት ስጪልኝ። ለጋሽ ጌጡ «ለገና ስሙን አገኝልዎታለሁ» ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ስናገር ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንደሱ ሲያደርጉ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ካልሆነ አይቼ አላውቅም።

የቸኮለው ወንድምሽ ምንይሉ

--

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2003 ዓ.ም.

ምንይሉ፤

እንኳን አደረሰህ። ፍላሹን አልላክሁም።

በራስህ ላይ አትፍረድ። የሳትከው አንዲት መስመር ናት፤ ማንም ይሳሳታል። ግን እዚህ ላይ ተወው። እናቱ የደበቁት ስም ነው። ራሱ ደግሞ ለአባቱ ያልነገረው ነው። እኛ ምን አግብቶን እናወጣዋለን? እግዚአብሔር ልጁን ያውቀዋል፤ አባ ገብረየሱስ «ያ የጌጡ ልጅ» ብለው ቢጸልዩለት ምን ይጎድላል? ጋሽ ጌጡ ስሙን ካገኙ በኋላ ምን እንደሚጠይቁህ አስበሃል? እኔ አስቤዋለሁ።

ስሙን እንደ ድሮው ከምልክቱ በታች መልሰው። ሰባቱን ባዶ ቦታ ልጆቹ ለምደውታል።

ትሕትና

--

መሐል ሜዳ፣ ጥር 6 ቀን 2003 ዓ.ም.

ትሕትና፤

ገና አለፈ። ጋሽ ጌጡ መጥተው ነበር፣ ባዶ እጃቸውን ሰደድኳቸው። ብርዱን ታውቂዋለሽ። «ከአዲስ አበባ አልመጣም» ስላቸው «ልጅቷ ደህና አይደለችም እንዴ?» ብለው ስላንቺ ተጨነቁ።

ተናደድኩብሽ፤ ደብቄ አልጽፍልሽም። «ያ የጌጡ ልጅ» ተብሎ እንደማይጸለይ አንቺም ታውቂያለሽ፤ የቄስ ልጅ ነሽ። ስሙን በየጠዋቱ ሳላውቅ አጥፍቼዋለሁ። አሁን አውቄ አጥፋው ትይኛለሽ? አላጠፋውም። ወይ ፋይሉን ላኪ፣ ወይ የደበቅሽኝን ንገሪኝ።

ምንይሉ

--

አዲስ አበባ፣ ጥር 16 ቀን 2003 ዓ.ም.

ፍላሹ ከዚህ ወረቀት ጋር ነው። መጀመሪያ ብቻህን እየው።

ት.

--

መሐል ሜዳ፣ ጥር 29 ቀን 2003 ዓ.ም.

ውድ ትሕትና፤

ብቻዬን እየው ብለሽኝ ነበር፤ አልሆነልኝም፣ ይቅር በይኝ። ትናንት ቅዳሜ ሦስቱን ፋይሎች አገናኝቼ ፍሎፒው ላይ ስገለብጥ ጋሽ ጌጡ በሩ ላይ ነበሩ። ውጭ ይጠብቁ ማለት አፌ አልቻለም። ወንበር ሰጠኋቸውና ማሽኑን አስነሳሁት።

ወለተ ኪዳን መጣ። ወልደ አማኑኤል መጣ። ከዚያ ጠቋሚዋ ሦስተኛው መስመር ላይ ደረሰችና መራመድ ጀመረች፤ በዚህ ጊዜ ግን በሄደችበት ፊደል ቀረ።

ወልደ ጻድቅ።

ጋሽ ጌጡ ማንበብ አይችሉም። አነበብኩላቸው። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። እጃቸውን ሰድደው መስታወቱን በመዳፋቸው ነኩት፤ አሮጌ ስክሪን መሆኑን ታውቂያለሽ፣ ይነዝራል። እጃቸውን አላነሱም። «ወልደ ጻድቅ» አሉ፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው እንደሚጠራ። መልስ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። እኔም ከእሳቸው ጋር ጠበቅሁ።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አባ ገብረየሱስ ሁለት ዓይነት ጸሎት አላቸው። አንዱ መንገድ ላይ ላለ ነው፤ አንዱ ለሙታን ነው። ስሙን ይዤ ስሄድ ለየትኛው ነው ልበላቸው?»

እኔም «በመስከረም ደውሎ የለ? መንገድ ላይ ላለው ነው እንጂ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያንቺ ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ፊቴ መጡ፤ የጣልሽው ሲም ካርድ፣ አሸዋው፣ «ምን እንደሚጠይቁህ አስበሃል?» ያልሽኝ። «ትሕትናን ልጠይቅልዎት» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ። ስሙን ለቄሱ ሳይሰጡ ይዘውት እየጠበቁሽ ነው።

ለየትኛው ነው፣ ትሕትና?

ምንይሉ

--

አዲስ አበባ፣ የካቲት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ወንድሜ ምንይሉ፤

ለሙታን ነው።

ነሐሴ 9 ቀን ሥራ ቦታ ተቀምጬ ስልኬ ጮኸ። አብሮት የተጓዘ ልጅ ነው የደወለልኝ፣ ከካርቱም። ወደ ሊቢያ ሲሻገሩ መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶባቸው አራት ቀን ቆመዋል። ውኃ አለቀ። ልዑልሰገድ በሦስተኛው ቀን፣ ነሐሴ 3፣ ሞተ። አሸዋ ውስጥ ቀበሩት። ቦታውን የሚያውቅ የለም። የኔን ቁጥር ያገኘው ከልዑልሰገድ ኪስ ነው። ሁለት ደቂቃ አወራን፤ ሒሳቡ አለቀበትና ተቋረጠ። ተመልሶ እንዳይደውል ሲሙን አውጥቼ ጣልኩት። ከዚያ ወደ ስብሰባ ገባሁ። ስለ ምን እንደነበር አላስታውስም።

ልንጋባ ቃል ነበረን፣ ምንይሉ። ላንተ አልነገርንህም፣ በቀልድህ ታቃጥለናለህ ብለን። እዚህ ማንም ስለማያውቅ ማንም አላጽናናኝም። እናቴ «ምን ሆነሽ ነው የከሳሽው?» ስትለኝ ሥራ በዛብኝ አልኳት።

በመስከረም ደወለልኝ ያልኩህ ውሸት ነው። ጋሽ ጌጡ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደሚመጡ ስትጽፍልኝ እጄ ራሱ ጻፈው። አንድ ጊዜ ከጻፍኩት በኋላ መመለሻ አጣሁ። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንተ የሳትከው ሳታውቅ ነው። በጥቅምት ስሙን እንድትፈልግ የነገርኩህም ለጋሽ ጌጡ ብዬ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ በዓይኔ ላየው ፈልጌ ነው። ሕልማቸውን ስትነግረኝ ፈራሁ። ለእኔም ይመጣል፤ ግን እኔ ደጅ አይቆምም፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሄዳል።

ደብዳቤ ለመርዶ እንደማይሆን አውቃለሁ። አንተ የምትችለውን አድርግ። ጋሽ ጌጡ ቢረግሙኝም ንገረኝ፣ አትደብቀኝ።

ትሕትና

--

መሐል ሜዳ፣ የካቲት 20 ቀን 2003 ዓ.ም.

እህቴ ትሕትና፤

ነፍሱን ይማርልን። አንቺንም እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሌላ ነገር ልጽፍ ስል እንባዬ ወረቀቱን እያበላሸብኝ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ።

ደብዳቤሽን አላነበብኩላቸውም። ረቡዕ ዘመሮ ወጣሁና ለአባ ገብረየሱስ ነገርኳቸው። ሐሙስ ገና ወፍ ሲንጫጫ እሳቸው፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ የጋሽ ጌጡ እህት እማማ ደብሪቱና እኔ ሆነን ሄድን። ጋሽ ጌጡ በሩን ከፍተው ብዙ ሰው ሲያዩ ገባቸው። አባ ገብረየሱስ ስሙን ጠርተው ነገሯቸው። እንዴት እንደጮኹ አልጽፍልሽም። መንደሩ ሁሉ ወጣ፣ ቀኑን ሙሉ አለቀስን። ለሦስት ቀን ሰው ከቤታቸው አልጠፋም። ፍትሐቱ ተደርሷል፤ ተዝካሩ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል።

በሁለተኛው ቀን ለቅሶው በረድ ሲል ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። እውነቱን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቃል እንደነበራችሁም፣ የመስከረሙንም። ይረግሙሻል ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ለሷ ማን ነገራት?» አሉኝ።

«በስልክ ነው የሰማችው።»

«አብሯት ማን ነበር?»

«ማንም። ብቻዋን ነበረች፣ ጋሽ ጌጡ።»

«ማን ደግፎ ያዛት? ማን ደረቷን ስትመታ እጇን ያዘላት?»

«ማንም አልያዛትም።»

ያኔ እንደገና አለቀሱ፣ በዚህ ጊዜ ላንቺ ነው። ጋቢያቸውን ከፊታቸው ሲያነሱ እማማ ደብሪቱን ጠርተው፣ «ይቺ ልጅ እኮ መርዶ አልተነገራትም። ስልክ ይሄን ያውቃል? ስድስት ወር ሙሉ ብቻዋን ተሸክማው ዞረች» አሏቸው። ከዚያ ለኔ፣ «ጻፍላት። ወደ ቤቴ ትምጣ። ሽማግሌ ይዤ፣ ሴቶቹን አስቀምጬ፣ በወጉ እኔ እነግራታለሁ» አሉኝ።

ዓርብ በመጀመሪያው አውቶቡስ ነይ። መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት አብረን ዘመሮ እንገባለን። ሴቶቹ ተዘጋጅተዋል። ጥቁር ለብሰሽ እንዳትመጪ ብለውሻል ጋሽ ጌጡ፤ ገና አልሰማሽምና።

ወንድምሽ ምንይሉ